በሕማማት ሳምንት ፖልካ ፍለጋ

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. — ቺካጎ

በሰሙነ ሕማማት የዳንስ ሙዚቃ ፍለጋ የሚወጣ ሰው ምን ይባላል? እናቴ ብትጠየቅ መልስ አታጣም። እኔ ግን ሰበብ አለኝ፤ ሰበቡ አንድ ደንበኛዬ ናቸው።

ቺካጎ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ሽማግሌ ወደ ኩላሊት እጥበት አደርሳለሁ። ዘራቸው ከፖላንድ ነው፤ ቺካጎ ተወልደው ቺካጎ ያረጁ። ሰማንያ አራት ሊሞላቸው ነው። ገና ቀበቶ ሳያስሩ የእኔን ሙዚቃ ያዘጉኛል። ከዚያ በስልካቸው ፖልካ የሚባለውን የጭፈራ ሙዚቃ ይለቃሉ።

መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ዘፈን አንድ ይመስለኝ ነበር። አኮርዲዮን፣ ትራምፔት፣ ሆይ ሆይ። እሳቸው ግን አስተማሩኝ። ፈጠን፣ ሰልፍ ያለ፣ ክላርኔትና ሳክስፎን የበዛበት ከሆነ የምሥራቁ፣ የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ፣ ነው። ዘገም ብሎ፣ ዘፋኙ ከልቡ ሲያለቅስ እግርህ ግን ዝም ካላለ የቺካጎ ነው። አሁን ሳይነግሩኝ እለያለሁ።

ባለፈው ወር እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ፖልካ በስልክ አይታወቅም። በፋሲካ ማግስት ባፋሎ ሂድና እይ። ስትመለስም የቅቤ በግ ይዘህልኝ ና።" የቅቤ በግ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዘንድሮ የእኛም የእነሱም ፋሲካ አንድ ቀን ዋለ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ እዚያው ባፋሎ፣ ኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፣ ናት። ሌላ ምን ምክንያት ያስፈልገኛል?

ጉዞዬን የጀመርኩት ከሰፈሬ ብዙም ሳልርቅ፣ ከዲቪዥን ጎዳና ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሚልዋኪ፣ አሽላንድና ዲቪዥን የሚገናኙበት ቦታ ዛሬም የፖላንድ ሦስት ማዕዘን ይባላል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ያለው መንገድ ድሮ "የፖላንድ ብሮድዌይ" ነበር። መጠጥ ቤት በመጠጥ ቤት ላይ፤ በየቤቱ ባንድ። ዛሬ ቡናው ሰባት ዶላር ነው፤ አኮርዲዮን የሚባል ነገር አይሰማም። ወረድ ብሎ የቅዱስ ስታኒስላውስ ኮስትካ ቤተ ክርስቲያን አለ። አውራ ጎዳናው ሲሠራ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳያፈርስ ጠምዝዘው አሳለፉት። በየቀኑ የማልፍበት ኩርባ ነው፤ ለምን እንደተጠማዘዘ ያወቅኩት ግን ከሽማግሌው ነው።

የዚህ መንገድ ንጉሥ ዋልተር ያጊየሎ ነበር። በመድረክ ስሙ ሊል ዋሊ፤ ትንሹ ዋሊ ማለት ነው። በ1930 እዚሁ ቺካጎ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ስደተኞቹ እሑድ እሑድ ጫካ ወጥተው ሲዝናኑ ይዘፍንላቸው ነበር። ኖታ አያነብም። ድራሙን ከመድረኩ ፊት አስቀምጦ እየመታ ይዘፍናል። ከእሱ በፊት ስም የነበራቸው የምሥራቅ ባንዶች እንደ ጃዝ ባንድ ኖታ ፊታቸው ዘርግተው፣ ዩኒፎርም ለብሰው፣ በፍጥነት ነበር የሚጫወቱት። እሱ ዜማውን አዘገመው። የገጠር ሰው የሠርግ ዘፈን፣ በፖላንድኛ፣ እንደመጣለት። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እስኪጠሩት አልጠበቀም፤ በ1951፣ በሃያ አንድ ዓመቱ፣ ጄይ ጄይ የሚባል የራሱን ሸክላ አሳታሚ አቋቋመ።

በ1959 ለቺካጎው የቤዝቦል ቡድን ዋይት ሶክስ አንድ የድጋፍ ዘፈን ሠራ። ቡድኑ በ2005 ዋንጫ ሲበላ፣ ከ1917 በኋላ የመጀመሪያው ነው፣ ያ ዘፈን ከተረሳበት ተነስቶ ስታዲየሙን ሞላው። ዋሊ ይህን አይቶ በ2006 አረፈ። ከተማው ሁሉ ሲዘፍነው የፖልካ ሰው ዘፈን መሆኑን ስንቱ ያውቅ እንደነበር እንጃ።

ምሳ ፍለጋ አንድ የፖላንድ ሸቀጥ ቤት ገባሁ። ጾም ነኝ፤ ቅቤም እንቁላልም የሌለበት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ እንደ በሽተኛ አየችኝ። ዳቦና የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ሰጠችኝ። ስለ ፖልካ ብጠይቃት ሳቀች። "እኔ ክራኮቭ ነው ያደግኩት። እዚያ ይህን የሚሰማ ሰው አላውቅም። ይሄ የእነዚህ የአሜሪካኖቹ ነው" አለች።

እውነቷን ነው። ፖልካ የተወለደው በ1830ዎቹ ቦሄሚያ፣ በዛሬዋ ቼክ ነው። በ1840ዎቹ ፓሪስ ገብቶ ዓለምን ዞረ። ፖላንዶች የእኛ ነው የሚሉት ማዙርን፣ ኦቤሬክን፣ ክራኮቪያክን ነው። እዚህ የመጡት ገበሬዎች ግን ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ቀላቅለው ጨፈሩና ፖልካ የሚለው ስም የሁሉም መጠሪያ ሆነ። ያኔ የመጡት ስደተኞች ስለ ራሳቸው "ለዳቦ ነው የወጣነው" ይሉ ነበር። እኛ እንጀራ ፍለጋ እንደምንለው፤ ቃሉ ራሱ ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9 — ቺካጎ፣ ደቡብ ምዕራብ

ጸሎተ ሐሙስ። ሚስቴ ያዘጋጀችውን ጉልባን በዕቃ ይዤ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ከእጥበት በኋላ ይደክማቸዋል፤ ዛሬ ግን ሸሚዝ ቀይረው ጠበቁኝ። ጉልባኑን አዩት፣ ሁለት ፍሬ ባቄላ ቀመሱ፣ "ይሄ በሐኪሜ ትእዛዝ የተከለከለ ነው" ብለው ሦስተኛ አነሱ።

ከዚያ ኮንሰርቲናውን አወጡት።

አኮርዲዮን የመሰለኝ ነገር አኮርዲዮን አልነበረም። አራት ማዕዘን ሳጥን ነው፤ የፒያኖ ጥርስ የለውም። በሁለቱም ጎን ክብ ክብ ቁልፎች አሉት፤ በጠቅላላው 52። ቁልፉን ተጭነህ ወናፉን ስትስብ አንድ ድምፅ፣ ስትገፋ ሌላ ድምፅ ይሰጣል። ስለዚህ 104 ይሉታል። ጀርመን አገር፣ ኬምኒትስ፣ በ1834 የተፈለሰፈ ነው። ቺካጎ ደግሞ ራሷ ትሠራው ነበር። የሽማግሌው ጥቁር ነው፤ ፊቱ ላይ ስማቸው በሚያብረቀርቅ ድንጋይ ተጽፏል። ሁለት ፊደል ረግፏል።

ከቁልፎቹ አጠገብ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ። "ይሄ ለምንድን ነው?" አልኳቸው። መሳቢያ ከፍተው አንድ ቢጫ ወረቀት አወጡ። ኖታ ሳይሆን ቁጥር ተደርድሮበታል። የብረት ማቅለጫ ሠራተኛ ልጅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አይገባም፤ ቁጥር ግን ያነባል። አባታቸው ያስተማሯቸው በዚህ ወረቀት ነው።

ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጀመሩ። ጣታቸው ያበጠ ነው፤ ለእጥበቱ መርፌ የሚገባበትን ክንድ ይጠነቀቁለታል። ሆኖም ወናፉን አጠር አጠር እያደረጉ ሲያንቀጠቅጡት ቤቱ ተንቀጠቀጠ። "ይሄ ነው ፑሽ" አሉኝ። መግፋት ማለታቸው ነው። የቺካጎ ባንድ ሞተር ይሄ ነው፤ አኮርዲዮኑ ወናፉን እያንቀጠቀጠ ከድራሙ ጋር ይገፋል፣ ኮንሰርቲናው በዘፋኙ እስትንፋስ መካከል ይገባል፣ ሁለት ትራምፔት ከላይ ይጮኻል።

ይህን ፑሽ የሚሉትን አዲስ ስልት አገር ያሳወቀው የእኩያቸው ልጅ ነው፤ ኤዲ ብላዞንቺክ። ሁለቱም በ1941 ተወለዱ። የኤዲ ወላጆች ጉራሎች ናቸው፤ ከፖላንድ ደቡብ ተራራ የመጡ ደገኞች። ቺካጎ ውስጥ የጭፈራ አዳራሽ ነበራቸው፤ ልጁ ያደገው ሊል ዋሊን የመሰሉትን እያየ ነው። ጎረምሳ ሲሆን ግን ሮክ ውስጥ ገባ። ስሙንም ኤዲ ቤል አሰኘው፤ አሜሪካዊ ጆሮ እንዳይደናቀፍበት። ሸክላም አሳተመ። ከዚያ ተመለሰ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቨርሳቶንስ የሚባለውን ባንድ መሠረተ፤ ቤል ኤር የሚባል አሳታሚም ከፈተ። ሮክ ውስጥ የተማረውን ጉልበት ለፖልካው አመጣለት። በ1998 መንግሥት ለባህል ባለሙያዎች የሚሰጠውን ትልቁን ክብር አገኘ፤ በ2012 አረፈ፤ ባንዱን ልጁ ይዞት ነበር።

"እርስዎስ ለምን እንደ ኤዲ ሙሉ ጊዜዎን አልሆኑም?" አልኳቸው።

"ኤዲ አንድ ነው" አሉ። "እኛ አምስት መቶ ነበርን።"

ከዚያ ሳምንታቸውን ነገሩኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደቡቡ ብረት ማቅለጫ። ዓርብ ማታ መጠጥ ቤት። ቅዳሜ ሠርግ፣ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ግብዣ። ሰኞ ንጋት ላይ ማቅለጫው በር። የባንዱ ትራምፔት ነፊ ፖስተኛ ነበር፣ ድራመሩ ሥጋ ቆራጭ። ሸክላቸውን ከመኪናቸው ኋላ ያወርዱና በእረፍት ሰዓት ይሸጣሉ። ራዲዮ ላይ ለመሰማት አየር ሰዓት በገንዘብ ይገዛል፤ ገንዘቡን ለማግኘት ከቀብር አስፈጻሚውና ከቋሊማ ሻጩ ማስታወቂያ ይለመናል። ዋሽንግተን ያለው የእኛ ሰዎች ራዲዮ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ዋናው እንጀራ ግን ሠርግ ነበር። በአያቶቻቸው ዘመን ሠርግ ሦስት ቀን ይፈጃል። ሙዚቀኞቹ በር ላይ ቆመው ለሚገባ እንግዳ ሁሉ ማርሽ ይመታሉ፤ እንግዳውም ገንዘብ ይሰጣል። ይህን ሲሉኝ አዝማሪ ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ። ማሞገስ ብቻ ነው የቀረው። የሠርግ ደግሞ ወቅት አለው። በጾም አይሠረግም። እኛ ዐቢይ ጾም እንደምንለው እነሱም አርባ ቀን ይጾማሉ፤ በዚያን ጊዜ አዳራሽ ይዘጋል፣ ባንድ ኪሱ ይደርቃል። "በጾም የምኖረው በማቅለጫው ነበር" አሉ። ማቅለጫው በ1992 ተዘጋ። ሠርጉም ዲጄ መጣለት።

ሚስታቸውን ያገኙት ባፋሎ ሲጫወቱ ነው። የቅቤ በጓ ነገር የእሷ ነው፤ በየፋሲካው ገበታዋ ላይ ታስቀምጥ ነበር። ካረፈች ስድስት ዓመቷ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10 — መንገድ

ስቅለት። ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ስንት ሰገድኩ አልቆጠርኩም፤ ጉልበቴ ግን ቆጥሮታል። ማታ አፍጥሬ መሪ ጨበጥኩ።

ኢንዲያና ውስጥ በሳውዝ ቤንድ ጎን አለፍኩ። የፋሲካ ማግስት በዓል እዚያም አለ፤ የፖለቲካ ቀን ነው። ሮበርት ኬኔዲ በ1968 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር እዚያ ተገኝቶ ነበር። ክሊቭላንድ ስደርስ ከእኩለ ሌሊት አልፏል። ቴሌቪዥኑን ሳልከፍት ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11 — ከክሊቭላንድ ወደ ባፋሎ

ክሊቭላንድ የፖላንዶች ሳይሆን የስሎቬኒያዎች የፖልካ ከተማ ናት። ፍራንኪ ያንኮቪች እዚህ ነው ያደገው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ፣ አውሮፓ ውስጥ፣ ብርድ እጅና እግሩን መታው። ሐኪሞች እንቁረጥ አሉት፣ እንቢ አለ። ጣቶቹን መልሶ ያፍታታው አኮርዲዮን በመጫወት ነው። በ1948 እና በ1949 አሜሪካን ያዳረሱ ሁለት ሸክላዎች አወጣ። የግራሚ ሽልማት በ1986 ለፖልካ ዘርፍ ሲከፍት የመጀመሪያው ለእሱ ተሰጠ። ሽማግሌው ግን ስለ እሱ ሲናገሩ "ጨዋ ሙዚቃ ነው" ብለው ያልፉታል። አባባላቸው ውዳሴ አይመስልም።

ባፋሎ ከቀትር በፊት ገባሁ። የአክስቴን ልጅ ይዤ በቀጥታ ብሮድዌይ ማርኬት። ከ1888 ጀምሮ ያለ የገበያ አዳራሽ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጭር ይላል አሉኝ፤ በፋሲካ ሰሞን ግን መርካቶ ነው። ሰው በሰው ላይ። ቋሊማ፣ የተቀባ እንቁላል፣ አፍንጫ የሚያስለቅስ የተፈጨ ሥር፣ ቀንበጥ የታቀፉ ሴቶች። እኔ በጦም አፌ በቋሊማ ጢስ መካከል!

የቅቤ በጓን አገኘኋት። እውነትም ከቅቤ የተሠራች በግ ናት። ዐይኗ ቁንዶ በርበሬ፣ አንገቷ ላይ ቀይ ሪባን፣ ጀርባዋ ላይ "ሃሌ ሉያ" የሚል ትንሽ ባንዲራ። የእጄ መዳፍ ታክላለች። የአክስቴ ልጅ ገልብጣ አየቻትና "ቅቤው ንጹሕ ነው" አለች። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ፍሪጇ ውስጥ አስቀመጥናት።

ከገበያው ወጥተን በፖላንዶቹ ቤተ ክርስቲያን በኩል አለፍን። ሰዉ ቅርጫት ይዞ ተሰልፏል። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ጨው፣ ቋሊማ፣ ደግሞ በግ፤ ካህኑ እየዞሩ ጸበል ይረጫሉ። አጠገባችን የነበረች አሮጊት ቅርጫቷን ከፍታ አሳየችን። ከጎኗ የቆመው የልጅ ልጇ ስልኩን ይነካካል። ከሰፈሩ ብዙው ሰው ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ችክቶዋጋ፣ ከሄደ ቆይቷል። የላካዋናው ብረት ማቅለጫ በ1983 ብረት ማቅለጥ አቆመ። አሥራ ሰባት ፎቅ ያለው ትልቁ ባቡር ጣቢያ ከ1979 ጀምሮ ባቡር አያውቅም። ሰዉ ለዓመት በዓል ብቻ ይመለሳል፤ እናት ቤት እንደሚኬደው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12 — ባፋሎ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አደርን፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ። ከዚያ ተኛሁ። ስነቃ እንደገና ዶሮ ወጥ። ስለዚህ ቀን ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13 — ባፋሎ

የአክስቴ ልጅ ከሥራ ስትገባ ቀሰቀሰችኝ። "አንተ፣ ተነስ፤ የሮማው ጳጳስ አረፉ።" ፖፕ ፍራንሲስ። እሑድ አደባባይ ወጥተው አይተናቸው ነበር፤ ሰኞ ጠዋት አረፉ። ታዲያ ዛሬ ጭፈራ አለ ወይ? ሁለታችንም ተያየን።

ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ቀይና ነጭ ሆኗል። ዲንገስ ደይ ይሉታል። ፖላንድ ውስጥ በፋሲካ ማግስት ወንዶች ሴቶችን ውሃ ይረጫሉ፤ እዚህ ደግሞ ሴቶቹ መልሰው በአኻያ ቀንበጥ ይገርፋሉ። ቀንበጡ እንደ ድመት እግር ለስላሳ እንቡጥ አለው። ነገሩን ፖላንድ በ966 ከተጠመቀችበት ውሃ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ባፋሎ ውስጥ በ1960ዎቹ አንድ የመዘምራን ማኅበር አዳራሽ ድግስ ማድረግ ጀመረ፤ ከዚያ ሰፋ። ሰልፍ፣ ተሳቢ ላይ የተጫነ ባንድ፣ የውሃ ሽጉጥ የያዘ ሕፃን። አንዱ ሕፃን ለይቶ እኔን መረጠ። ሸሚዜን አበሰበሰው። እናቱ ይቅርታ ጠየቀችኝና እሷ ደግሞ በቀንበጥ ገረፈችኝ።

ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ፖላንዳዊ አይደለም። አየርላንዳዊውም፣ ጥቁሩም፣ ትናንት የመጣ ስደተኛውም ቀይ ከናቴራ ለብሷል። አንዳንዱ የመጣው ለቢራው ብቻ ነው፤ ይህ ያስቀየማቸው ሽማግሌዎች አሉ። እኔን አላስቀየመኝም። ለእኔ የበዓል ቀን ታክሲ መንዳት ማለት ሰካራም ማድረስ ነው፤ የዛሬዎቹ ቢያንስ ይዘፍናሉ።

ማታ አንድ አዳራሽ ገባን። ስድስት ሰው ያለው ባንድ። ወለሉ እንጨት ነው፤ እግር ሲያርፍበት ይዘላል። ባፋሎም የራሷ ነገር አላት፤ በ1970ዎቹና 80ዎቹ ዳይናቶንስ የሚባሉት የዚህ ከተማ ልጆች የቺካጎውን ፑሽ ይዘው የባሰ አቀለጡት። እነዚህም በዚያው ናቸው። ድራመሩ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሏል። አኮርዲዮን የያዘው ወጣት ክንዱ አይታይም፣ ይንቀጠቀጣል። ሐሙስ ዕለት ሽማግሌው ቤት የተንቀጠቀጠው ነገር ይሄ ነው፤ እዚህ ግን ሦስት መቶ ሰው አለበት።

ከዘፈኖቹ አንዱ ስለተሰረቀ የደም ቋሊማ ነው። የኮነቲከቱ ዋልት ሶሌክ ከጻፉት ሰዎች አንዱ ነው፤ ያንኮቪችም በ1963 ዘፍኖ አስጩሆታል። ከቡና ቤቱ ያ ቋሊማ ራሱ ቀረበልን። ደምና ገብስ። ጾሙ ቢፈታም ደም መቼም አይበላም። አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውዬ አሳለፍኩለት፣ አመሰገነኝ።

አንዲት ሰባ ዓመት የሚሆናት ሴት ጎትታ አስነሳችኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝለል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዝለል። ቀላል ይመስላል። በሁለተኛው ዙር ቆም አለችና ትከሻዬን በሁለት እጇ ያዘች። "ይሄን ተወው" አለችኝ። "ሥራው የእግር ነው።"

በእረፍት ሰዓት አኮርዲዮኒስቱን ውጭ፣ ሲጋራ ከሚያጨሱት መካከል አገኘሁት። አስተማሪ ነው። ነገ ጠዋት ክፍል አለው? የለም፣ ለፋሲካ ዝግ ነው። "ድራመራችን ግን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የጭነት መኪና ላይ መሆን አለበት" አለኝ። ዛሬ ባንዳቸው ሦስት ቦታ ተጫውቷል። "በዓመት አንድ ቀን ሰው ሁሉ ይፈልገናል። ከነገ ጀምሮ ስልኬ አይጮኽም።" ምሬት ግን የለበትም። እንደ አየር ጠባይ ነው የነገረኝ።

ስለ ኃይሉ መርጊያ ነገርኩት። ዋሊያስ ባንድን የመሰለ ባንድ ሲመራ የኖረ ሰው፣ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ ይዞ፣ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። አኮርዲዮንም ይጫወታል ስለው ዐይኑ በራ። ስሙን ስልኩ ላይ ጻፈው። ከዚያ ጠሩት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14 — ፍሎሪዳ፣ ኒው ዮርክ

አይሳሳቱ፤ ፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር አይደለችም። ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያለች መንደር ናት። ከባፋሎ ስድስት ሰዓት ነዳሁ። ለምን? ሽማግሌው "የምሥራቁን ሳታይ እንዳትመጣ" ብለውኛል። እንቅልፍ ግን አላስጠገቡኝም።

መንደሯ ስደርስ መሬቱ ጠቆረ። ጥቁር ስል እንደ መረሬ አይደለም፤ ከሰል ነው። የረግረግ መሬት የነበረ ነው፤ ውሃው ተጠንፍፎ እርሻ ሆነ። ፖላንዶችና ጀርመኖች ጎንበስ ብለው አቀኑት። ሽንኩርት! እስከ ዐይን ጥግ የሽንኩርት ማሳ። ወጥ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ቦታ እስከዛሬ አለማወቁ ይገርመኛል።

ጂሚ ስተር የዚህች መንደር ልጅ ነው። እሱም በ1941 ተወለደ፤ ሦስተኛው የ1941 ልጅ ሆነብኝ። ክላርኔትና ሳክስፎን ይጫወታል፤ ትልቅ ባንድ አለው፤ ፈጣን፣ ጥርት ያለ፣ የምሥራቅ። በደሙ ደግሞ አየርላንዳዊ ነው! ፖልካ ውስጥ የገባው ሽንኩርት ከሚያመርቱት ጎረቤቶቹ ጋር ስላደገ ነው። ቅድም ክራኮቭ ያደገችው ሴትዮ "የአሜሪካኖቹ ነው" ስትል ይህን ብታውቅ ደስ ይላት ነበር።

የፖልካ ግራሚ ከ1986 እስከ 2009 ለሃያ አራት ጊዜ ተሰጠ። 18ቱን የወሰደው ስተር ነው። በ1987 ለሁለት ተከፍሎ እሱና ኤዲ ብላዞንቺክ እኩል አገኙት፤ ለኤዲ ያው አንዱ ነው። ሌኒ ጎሙልካን የመሰለ የቺካጎ ፑሽ ሰው ደጋግሞ ታጭቶ አንድም አላገኘ። በ2009 ዘርፉ ተሰረዘ። "አንድ ሰው እየወሰደው ነው የጠፋው" የሚሉ አሉ፤ ሽማግሌውም አንዱ ናቸው። እኔ አይመስለኝም። ስተር ያለውን ሠርቶ ላከ፤ ዊሊ ኔልሰንን ከመሰሉ የካንትሪ ዘፋኞች ጋር ሳይቀር ቀርጿል። ፖልካን የሚያበሉት ሠርግና ማቅለጫ ነበሩ፤ እነሱ የሄዱት ከግራሚው በፊት ነው። ደግሞስ ስንቱ ሰው ነው ዋንጫ አይቶ ባንድ የሚቀጥረው?

መንገድ ዳር ከገበሬ ሃምሳ ፓውንድ ቀይ ሽንኩርት ገዛሁ። ለሚስቴ። ኋላውን ስከፍት ነው ትዝ ያለኝ። በጓ!

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ።

"የቅቤ በጓን ረስቻት መጣሁ። ፍሪጅ ውስጥ አለች አይደል?"

ዝም አለች።

"አነጠርኳት እኮ" አለች።

"ምን?"

"ወንድሜ፣ ቅቤ ናት! ዛሬ ጠዋት ከሌላው ጋር ጨመርኳት። ኮረሪማም ኮሰረትም ገብቶባታል። ሪባኗን አስቀምጬልሃለሁ።"

መኪናው ውስጥ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ወደ ቺካጎ ደወልኩ። ማክሰኞ ስለሆነ እጥበት ላይ ናቸው፤ ማሽኑ ከኋላ ይሰማል። ሰልፉን ነገርኳቸው፣ አዳራሹን፣ ቋሊማውን። ሴትየዋ ትከሻዬን እንደያዘችኝ ስነግራቸው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። መጨረሻ ላይ የበጓን ነገር አወጣሁት። ያልኩትን ሁለት ጊዜ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ቅቤ ምን ሲባል ይነጠራል?

"ስለዚህ ቀለጠች" አሉ።

"ቀለጠች።"

"ባንዲራዋስ?"

"እሱን አልጠየቅኩም።"

ማሽኑ ጮኸ፤ ነርስ መጥታ አንድ ነገር ነካች መሰለኝ፣ ዝም አለ።

"ሽታው ጥሩ ነው?" አሉኝ።

"በጣም።"

"በብልቃጥ አምጣልኝ። ሪባኑንም።"

በፔንሲልቬንያ በኩል ብመለስ ይቀርብ ነበር። ሽንኩርቱን አስተካክዬ ጫንኩና ወደ ባፋሎ ዞርኩ።